ቸኳዩ ደወል

የሱሪ ዚፕ መግጠም የሚወደድ ሥራ አይደለም። ጣት ይወጋል፣ ዓይን ያደክማል፣ ደንበኛም ልብሱን ሲረከብ መጀመሪያ ከፈት ዘጋ አድርጎ የሚፈትሸው እሱኑ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስገጥም ስለኖርኩ እጄ ራሱን ችሎ ይሄዳል። አንዱን ጀምሬ ክሩን እስክበጥስ ድረስ ልክ ስምንት ደቂቃ ይሞላል፤ ከዚህ አልፈጥንም፣ ከዚህም አልዘገይም። ይህን የምለው ጉራ ለመንፋት አይደለም። ነገሩን ያወቅኩት በዚፕ ስለሆነ ነው።

ሱቁን የምንጋራው ሁለት ነን። እኔ የወንድ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሷ የሴት። ሰፈርተኛው መቀሷ ይላታል፤ ጨርቅ ስትቆርጥ እጇ አያመነታም፣ ስትናገርም እንደዚያው ናት። የእህቷን ልጅ ያሳደገችው እዚሁ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው። የልጅቷ እናት፣ ልጅቷ ገና አፏን በወጉ ሳትፈታ፣ ሆስፒታል በእግሯ ገብታ በሰው ትከሻ ወጣች። ከዚያ ወዲህ መቀሷ በሆስፒታሉ በር አታልፍም። ታክሲ ውስጥ ሆና እንኳ እዚያ ስትደርስ ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት ታዞራለች። ልጅቷ ደግሞ፣ ሙያ የጠፋ ይመስል፣ ሐኪም ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ብላ ድርቅ አለች። ሚጣ ነው የምንላት። ዛሬ እኔን በቁመት አስከንድታኝ በሱቁ በር ስትገባ ጎንበስ ትላለች፣ ስሙ ግን ያው ነው።

የጽሑፉ ፈተና ለሚጣ ችግር ሆኖባት አያውቅም። ጉድ የሠራት የሕክምና ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ቃለ መጠይቅ ነው። ተማሪዎቹ ከክፍል ክፍል እየዞሩ ይጠየቃሉ፤ በአንዱ ክፍል ግን የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። በሽተኛ የሚያስመስል ሰው ይቀመጥላቸዋል፣ ስምንት ደቂቃ ያነጋግሩታል፣ ደወል ሲጮኽ ብድግ ብለው መውጣት ነው። አምና ሚጣ በሽተኛውን ገና ስለ ሥራውና ስለ ልጆቹ እያጫወተችው ደወሉ ጮኸባትና ወደቀች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለአንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ዕድል አይሰጥም። ዘንድሮ ካመለጣት አመለጣት ነው።

ስለዚህ ልምምዱ ሱቃችን ውስጥ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀንስ ሚጣ ወንበር ስባ ከአክስቷ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፣ አክስትየዋ በሽተኛ ትሆናለች። እኔ ማሽኔ ላይ ነኝ። ሰዓት የምትይዘውም መቀሷ ራሷ ነበረች። ድስት ስትጥድ የምትጠመዝዘው ክብ ደወል ነበራት፤ ቁጥሮቹ በእንፋሎት ብዛት ስለደበዘዙ ከእሷ በቀር የሚያነበው የለም። ጠምዝዛ ጭኗ ላይ ታስቀምጠውና የምትሰፋውን ጨርቅ ጣል ታደርግበታለች። ከሥር ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል።

ደንቡን ያስረዳችን ሚጣ ናት። በሽተኛ ያልተጠየቀውን አይናገርም። የተጠየቀውን አይዋሽም። እያንዳንዱ በሽተኛ ደግሞ አንድ የደበቀው ነገር አለው፤ እሱን የሚያወጣው መጨረሻ ላይ፣ ረጋ ብሎ፣ «ከዚህ ሌላ የሚያሳስብዎት ነገር አለ?» ብሎ ለጠየቀው ብቻ ነው። ብዙ ልጆች የሚወድቁት እዚህች ላይ ነው አለች፤ አንድም ይረሷታል፣ አንድም ሳይደርሱባት ደወሉ ይቀድማቸዋል።

መጀመሪያ ላይ መቀሷ ከመጽሐፍ በሽታ አጥኚ ተብላ ነበር። አንድ ቀን የግራ ጆሮዋን ያመማት ሴትዮ በማግስቱ የሚያማት ቀኙን ሆኖ ተገኘ። ሚጣ ተናደደች፣ እኔ እስኪያመኝ ሳቅኩ። በኋላ የራሷን የትከሻ ሕመም ታውራ ተባለ፤ ማሽን ላይ ጎብጦ ለኖረ ሰው እሱን ማስታወስ አይከብድም። የሚደበቀውንም ራስሽ ምረጪ፣ ለእኔ ግን እንዳትነግሪኝ አለቻት ሚጣ። ትንሽ ቆይታ፣ አገኘሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አግኝቻለሁ» አለች መቀሷ።

እኔ ያን ሰዓት የጣልኳትን መርፌ እየፈለግኩ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም።

ሚጣ መጠየቅ ስትጀምር እኔም ዚፕ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ሳላስበው ነበር፣ ኋላ ግን ልማድ ሆነ። አንድ ቀን ደወሉ ሲጮኽ ዚፔ ገና ሁለተኛው ጎኑ አልተነካም። እጄ ከበደ ብዬ አለፍኩት። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ባሰበት፤ ሚጣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች አሉ ወይ የሚለው ላይ እንኳ ሳትደርስ ጮኸ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፣ ይቅርታ እቴቴ ብላ ወረቀቷን ሰበሰበች። ይቅርታ የምትጠይቅበት ምን ምክንያት አላት? እጄ አንድ ነገር ሆኗል ብዬ የማምን ሰው ደግሞ አይደለሁም። ደወሉን ጠረጠርኩ።

ሚጣ ቁልፍ ልትገዛ የወጣች ጊዜ መቀሷን፣ ሴትዮ፣ ደወልሽ ይዋሻል አልኳት። ልጅቷ እንድትፈጥን ብዬ ነው አለች፤ ስምንት ደቂቃ የተባለውን ባነሰ ከለመደችው እዚያ አይቸግራትም። ነገሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ፊቷ ግን ሌላ ይላል፣ ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ ለሚጣ የቃለ መጠይቅ ጃኬት የጀመረችውን እጅጌ አንተ ግጠምልኝ ብላ ሰጥታኝ ነበር። መቀሷ እጅጌ ለሰው ሰጥታ አታውቅም። እኔ የገጠምኩትን እጅጌማ ሁሌም እየፈታች ነው የምትስቅብኝ።

«ክንድሽ ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

ጠመኔዋን አስቀመጠች። መጋረጃውን ሳበች። ከዚያ በቀኝ እጇ የግራ ብብቷን ሥር ያዝ አደረገች።

«እዚህ ጋ፣ ከጡቴ ጎን፣ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ የሸሚዝ ቁልፍ ነበር የሚያክለው። አሁን የካፖርት ቁልፍ አክሏል።» እጇን አወረደች። «እህቴንም የጀመራት እንዲህ ነው።»

ደነገጥኩ፣ ከድንጋጤዬ ቀጥሎ የመጣው ንዴት ነበር። ተነሺ አሁኑኑ እንሂድ አልኳት። አልሄድም አለች። ሚጣ ብትሰማ መጽሐፏን ዘግታ እኔን ይዛ ነው የምትንከራተተው፣ ይህች የመጨረሻ ዕድሏ ናት፣ ቃለ መጠይቁ እስኪያልፍ ብቻ አለች። እሺ፣ ልትደብቂው ከፈለግሽ ታዲያ ለጨዋታው ሌላ የሚደበቅ ነገር ምን ጠፋ? ብላት፣ ሞክሬ ነበር አለችኝ። የጠፋ ቀለበት፣ የባል ጠብ፣ ብዙ አስባለች። ግን ያቺ ልጅ ዓይን ዓይኗን እያየች የሚያሳስብሽ ነገር አለ ወይ ካለቻት ስለ ቀለበት ማውራት እንደማትችል ታውቃለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ዋሽታት አታውቅም። ስለዚህ ጥያቄው እንዳይደርስ ደወሉን ታስቸኩለዋለች።

ሴትየዋ ግማሿ እንድትጠየቅ ትፈልጋለች፣ ግማሿ ደግሞ ደወሉን ይዛለች። ይኼ ገባኝ፤ መግባቱ ግን ንዴቴን አላበረደውም። ሚጣ ከቃለ መጠይቁ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ትነግሪያታለሽ፣ ያለበለዚያ እኔ እነግራታለሁ አልኳት። እሺ አለች። የእሷን እሺ ደግሞ አውቀዋለሁ። ቀሚሴ ነገ ይደርሳል ወይ ለሚሏት ሁሉ የምትሰጠው እሺ ነው።

ከዚያ በኋላ ልምምዱን መስማት ለእኔ ቅጣት ሆነ። ሚጣ ትጠይቃለች፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ሲሠሩ ይብሳል። አክስቷን አንቱ ስትላት መጀመሪያ ሰሞን ያስቀን ነበር። አሁን ማንም አይስቅም። ወደ መጨረሻዋ ጥያቄ በቀረበች ቁጥር የመቀሷ እጅ ከጨርቁ ሥር ይገባል፤ እኔ የማሽኑን መርገጫ እረሳለሁ። ጥያቄዋን ድረሽባት እያልኩ ለሚጣ እጸልያለሁ፣ ደግሞ ወዲያው አትድረሽባት እላለሁ። ደወሉ ይጮኻል። ልጅቷ ትነሳለች።

ሚጣም ተለወጠች። ንግግሯ ፈጠነ፣ ቃላቱ እርስ በርስ ይረጋገጡ ጀመር። በሽተኛዋ መልሳ ሳትጨርስ ቀጣዩን ትወረውራለች፣ ያም ሆኖ አትደርስም፤ እሷ በፈጠነች ልክ ደወሉም ይፈጥናልና። ጥፍሯን ነክሳ ጨረሰችው። አንድ ቀን አክስቷ ዞር ስትል ጠጋ ብላ፣ ጋሼ፣ እኔ ቀርፋፋ ነኝ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አፌ ውስጥ ክር ነበር። ክሩን ሳልተፋ ራሴን ነቀነቅኩ። ለእኔ አይደለሽም ማለቴ ነው፤ ለእሷ ምን እንደመሰላት አላውቅም።

የቃለ መጠይቁ ዋዜማ ጠዋት መቀሷን በር ላይ ያዝኳት። ልጅቷ እንዲህ ሆና ከገባች ሊያነጋግሯትም አይፈልጉም፣ ዛሬ አንድ ጊዜ ሙሉ ጊዜዋን ስጫት አልኳት። ማለችልኝ። ከሰዓት በኋላ ሲጀምሩ አየኋት፣ እውነቷን ነው፣ ደወሉን እስከ ምልክቱ ጠመዘዘችው። እኔም ዚፔን ጀመርኩ።

ሚጣ ያን ቀን ጥሩ ነበረች። ምናልባት ተስፋ ስለቆረጠች ይሆናል፣ ድምጿ ረጋ ብሏል። ሕመሙን ጠየቀች፣ እንቅልፉን ጠየቀች፣ መድኃኒቱን ጠየቀች። ደወሉ ቀጭ ቀጭ ይላል። ዚፔ ማዕዘኑን ዞረ። ሚጣ ሁሉንም ጠይቃ ጨረሰችና ብዕሯን አስቀምጣ ቀና አለች።

«ከዚህ ሌላ...» አለች።

የመቀሷን አውራ ጣት ከጨርቁ ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁት። ደወሉ ጮኸ።

ሚጣ ብዕሯን ከደነች። ከዚያ ወረቀቶቿን አጥፋ ቅርጫቱ ውስጥ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቆቹ ጋር ጣለቻቸው። አልሄድም አለች፤ አላለቀሰችም፣ ዋጋ እንደ መናገር አድርጋ ነው የተናገረችው። ዓመት ሙሉ ተለማምጄ አንድ የታመመ ትከሻ ጠይቄ መጨረስ ካቃተኝ ሰው እጄ ላይ እንዲሞት ነው እንዴ ሐኪም የምሆነው አለች።

ብድግ ስል ወንበሬ ወደቀ። አፌን ከፍቼ ነበር። መቀሷ አየችኝ። እንደዚያ ያለ አስተያየት ዓይቼ አላውቅም፤ ሰው ከገደል ጫፍ ላይ ሆኖ አትንካኝ የሚል ዓይነት ነው። የምለውን ዋጥኩት። የእነሱ ደወል የድስት አይደለም፣ ይህን አሮጌ ነገር ማን ያምነዋል ብቻ አልኩ። ወንበሬንም አነሳሁ።

መቀሷ ጃኬቱን ከተሰቀለበት አወረደችና በልጅቷ ትከሻ ላይ ልትጥልላት ቀረበች። የቀኙን አለበሰቻት። የግራ ክንዷ ግን ከደረቷ በላይ አልወጣ አለ። ግራውን እኔ አለበስኳት። ሚጣ በመስታወቱ ውስጥ ሁለታችንንም ታየናለች።

«እቴቴ፣ ክንድሽ ምን ሆነ?»

«ትከሻዬ ነዋ። በየቀኑ ስትጠይቂኝ የከረምሽው ምንድነው ታዲያ?»

ሦስታችንም ሳቅን። በሳቁ ግን ማንም ደስ አላለውም። ነገ ትሄጃለሽ አለቻት መቀሷ ኮሌታውን እያስተካከለች፣ ይሄን ገበር ጣቴ እስኪደማ የሰፋሁት ቁም ሳጥን ውስጥ ልሰቅለው አይደለም።

በማግስቱ ሄደች። እኛ ሱቁን ከፍተን ዋልን፤ ሠራን ማለት ግን አልችልም። መቀሷ የደንበኛ ጨርቅ ዘረጋች፣ ምልክቱን አደረገች፣ ከዚያ ከምልክቱ ወደ ውስጥ ቆረጠችው። ሁለታችንም የተበላሸውን ጨርቅ ቆመን አየነው። ስንነጋገር ስለ ሌላ ነገር ነበር። አንዴ ብቻ፣ ዛሬ ማታ ሳይሆን ነገ ብነግራት ምን ይላል፣ ልጅቷ ደክሟት ነው የምትመጣው አለች። ዛሬ አልኳት። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሚጣ የመጣችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ፊቷን ሳየው ምንም ማንበብ አልቻልኩም። እንዴት ሆነ አልናት። ውጤቱ ገና እንደሚቆይ ተናገረችና ጃኬቷን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ታወራን ጀመር።

በሽተኛ በተቀመጠበት ክፍል ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ነበረች። ሚጣ እንደለመደችው በጥድፊያ ጠየቀቻት። ሁሉንም ጠየቀች። ደወሉ አልጮኸም። ተበላሽቶ ይሆን ብላ ወደ በሩ አየች። የምትጠይቀው ነገር አልቆባታል፣ ጊዜው ግን አላለቀም፤ ሁለቱ ሴቶች ዝም ብለው ተፋጠው ተቀመጡ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ወዲያው አልመለሰችም፤ ቀስ እያለች፣ ሌሊት ሌሊት የምትወድቀው ጉልበቷ ከድቷት እንዳልሆነ፣ ራሷን እንደምትስት፣ ለልጆቿም እንዳልነገረቻቸው ነገረቻት። ደወሉ የጮኸው ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ነው።

«ጊዜ እኮ ተርፎኝ ነበር» አለች ሚጣ። ይህን ያለችው ለእኔም ለአክስቷም አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የድስት ደወል እያየች ነበር።

መቀሷ ድስት ልጣድ ብላ ተነሳች። ቁጭ በይ አለቻት ሚጣ። ደወሉን አነሳችው፣ መስኮቱ ጋ ወስዳ በብርሃን አገላበጠችው፣ የደበዘዘውን ቁጥር በጥፍሯ እየዳበሰች አገኘችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ዚፕ ይጀምሩ እስቲ።»

ያኔ ነው ያስታወስኩት። ይህች ልጅ ያደገችው ከጠረጴዛው ሥር ሆና የእኔን ማሽን እየሰማች ነው። ዚፔ ስንት እንደሚፈጅ ከእኔ እኩል ታውቃለች።

ደወሉን ጠመዘዘችና ከመቀሷ እጅ ርቆ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ወንበሯን ሳበች። እንደምን ዋሉ፣ ምን ልርዳዎት አለቻት። መቀሷ ልምምዱ አለቀ አይደል እንዴ ብላ ሳቅ ለማለት ሞከረች። ሚጣ አልሳቀችም። ትከሻዬን ያመኛል አለች መቀሷ።

እኔ ሰፋሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሚጣ እያንዳንዱን ጠየቀች፣ መቀሷ መለሰች። ሁልጊዜ ደወሉ የሚጮኽበት ጊዜ ደረሰ፣ አለፈ። መደርደሪያው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። መቀሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራለች፤ የሚይዙት ነገር አጥተው እርስ በርስ ተያይዘዋል። ዚፔ ማዕዘኑን ዞረ።

«ከዚህ ሌላ የሚያሳስብዎት ነገር አለ?»

መቀሷ ወደ መደርደሪያው አየች። እኔ መርገጫውን ተውኩት። ሚጣ ጥያቄዋን አልደገመችም፣ አልቸኮለችም፣ እጇን አጣምራ ጠበቀች። መቀሷ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ደወሉም ጮኸ።

እውነተኛ ሰዓቱን ጠብቆ ነው የጮኸው። መቀሷ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት። በደንቡ ከሆነ አለቀ፤ ደወል ከጮኸ ጠያቂው ይነሳል፣ በሽተኛው የደበቀውን ይዞ ይቀራል።

ሚጣ አልተነሳችም። ደወሉ ጮኾ ጮኾ በራሱ ዝም እስኪል ጠበቀች። ከዚያ ወንበሯን እስኪነካኩ ድረስ አስጠጋች፣ አንቱታውንም ተወችው።

«እቴቴ፣ የሚያሳስብሽ ነገር አለ ወይ?»

«አለ» አለች መቀሷ።

የልጅቷን እጅ ይዛ ወደ ብብቷ ሥር ወሰደችው። የሚጣ ጣቶች ፈልገው አገኙት፣ ቆሙ። ፊቷ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ስትናገር ድምጿ እንደ ቀድሞው ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው አለቻት፤ ከዚያ ያን ሁሉ ጥያቄ ከመጀመሪያው አንስታ አንዱንም ሳትዘል ጠየቀቻት። መቀሷ እያለቀሰች መለሰችላት። ከቀኑ ሥራ የቀረኝ ያቺ የዚፕ ጎን ነበረች፤ በማግስቱ ሦስታችንም ሆስፒታል ስለዋልን ጨርሼ ያልሰጠሁት ደንበኛ እስካሁን ይሳደባል።